ተርቦ ልገዛ የወጣሁ ዕለት

ልጄ ሌላ ሥራ እንዳገኘ የነገረኝ ምሳ ላይ ነው። እጁን ታጥቦ ተቀመጠና፣ ገና አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ፣ «አባዬ፣ የጅቡቲ መስመር መኪና የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ። መኪናው አዲስ ነው፣ ተሳቢ አለው። እስከ ቅዳሜ መልስህን አሳውቀኝ ብሎኛል» አለ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እናቱ ወጥ ማውጣቷን ትታ እኔን አየች። እኔ አቀርቅሬ በላሁ። ሁለቱም የተቆጣሁ መሰላቸው። አልተቆጣሁም፤ ደንግጬ ነበር። ነገር ግን በቤቴ ውስጥ ስደነግጥ ታይቼ ስለማላውቅ ድንጋጤዬን ከቁጣዬ የሚለይልኝ ሰው አልነበረም።

ያለችን አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ናት። በእሷ ወንዛዬ አካባቢ ካለው ወንዝ አሸዋ እየጫንን ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ለሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች እናቀርባለን። ትናንት ጤፍ የተዘራበት መሬት ላይ ዛሬ ብሎኬት ይደረደራል፤ እኛም የምንኖረው በዚያ ነው። ብዙ ዓመት የነዳኋት እኔ ነበርሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ መሪውን ለልጄ አስረከብሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶታል።

ካስረከብሁት ከዓመት በኋላ መኪናዋ መድከም ጀመረች። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅባትም። አሸዋ ጭና ከወንዙ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣውን ዳገት ስትይዝ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች በእግረኛ ፍጥነት ትጎተታለች። ከኋላ የሚመጡት ወጣት ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፉባታል። አንዱማ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀብር ነው እንዴ? ሟቹን ንገሩንና አብረን እናልቅስ!» ብሎ እንደጮኸበት ልጄ ራሱ ነግሮኛል። ሲነግረኝ አልሳቀም። በቀን ሦስቴ እንመላለስ የነበርነው ሁለቴም የሚያቅተን ቀን መጣ። እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት የመጣው ነገር ይህ ነው፦ ወይ ለሞተሩ ጉልበት እንፈልግለታለን፣ ወይ ልጄ ይሄዳል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛው እሱ ነው ስል ነበር። «በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣውን በሦስተኛ እየጎተትህ ሞተሩን ገደልኸው» እለዋለሁ። «በእኔ እጅ እንዲህ ሆና አታውቅም» እለዋለሁ። ይህችን ሁለተኛዋን በሰው ፊትም ደጋግሜያታለሁ። ልጄ አይመልስልኝም። መልስ አለመስጠቱን ጥፋቱን እንደማመን እቆጥርበት ነበር።

ስለ ራሴም ልናገር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። ማንበብ ያጠናሁት ጋቢና ውስጥ ጭነት እስኪሞላልኝ ስጠብቅ ነው፤ ሞተር ያወቅሁትም የራሴን እየፈታሁ፣ የተረፈኝን ብሎን በጣሳ እያስቀመጥሁ ነው። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ አስተማሪ አርሞት ስለማያውቅ ያወቀውን ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ለልጆቼ ስለ ትዕቢት ብዙ ተናግሬአለሁ። ይህኛውን ዓይነት ግን ትዕቢት ብዬው አላውቅም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከልጄ ጋር ሹም አቦ ወደሚገኝ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ አፉም እጁም ፈጣን ሰው ነው። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጁን ረገጥ ረገጥ አደረገውና ከጥቁሩ ጭስ ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ፣ ይህች መኪና እኮ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። እርስዎ ነዎት ያላሰናበቷት።»

«ለስድብ ከሆነ ልጄ አለልኝ» አልሁት። «መድኃኒቱን ንገረኝ።»

መድኃኒቱን በጣቱ ቆጠረልን። አንደኛው ፖምፓውን ከፍቶ ለሞተሩ የሚሄደውን ናፍጣ ማብዛት ነው፤ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው ሞተሩን አውርዶ ተለቅ ያለ ያገለገለ ሞተር መግጠም ነው፤ እሱ እስኪገኝ ወር ይፈጃል። ሦስተኛው ተርቦ፣ ማለት አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ መጨመር ነው። የእኛ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣም ተርቦ አልነበረውም። «እሱን ከገጠምንላት ግን» አለ መካኒኩ፣ «ያን ዳገት እየዘፈነች ነው የምትወጣው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንደምል ያውቀዋል። ያልተፈጠረበትን ጉልበት ሞተር ላይ መጨመርን ዕድሜዬን ሙሉ ስቃወም ነው የኖርሁት። ሠርግ ቤት ተቀምጬ እንኳ ስለዚህ ነገር ሰው አሰልችቻለሁ።

«ተርቦው ይሁን» አልሁ።

ልጄ ሰምቶኝ እንደሆነ ለማረጋገጥ ይመስል «ተርቦው?» አለኝ።

«አዎ፣ ተርቦው። ቶሎ የሚሆነው የቱ ነው? ቅዳሜ እኮ ቀርቧል።»

ቅዳሜን ያነሳሁት ሳላስበው ነው። መካኒኩ አልገባውም። ልጄ ግን አንገቱን ደፋ። ለሞተሩ አስቤ አልመረጥሁም። ለሞተሩ ባስብ ኖሮ ቢያንስ ለምን እንደደከመ እጠይቅ ነበር። የመረጥሁት ልጄ እንዳይሄድ ነው። «አትሂድብኝ» ከማለት ይልቅ ያልተፈተሸ ሞተር ላይ ተርቦ መስቀል ቀለለኝ።

መካኒኩ ተርቦ አልነበረውም። ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር የሚጠግኑ አንድ ሐጂ ዘንድ ለእኛ የሚሆን እንዳለ ነገረንና አቅጣጫውን አሳየን። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ የሆነውን ሁሉ አስነገረችኝ። ልጃችን ወደ ጓዳ ገባ ሲል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተርቦ የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። ይህ ልጅ ግን የሚሄደው በዳገቱ ምክንያት አይመስለኝም» አለችኝ። «በምን ምክንያት ነው ታዲያ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት እንደምትነግረኝ አውቅ ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሐይቁ ዳር ደረስን። ሐጂ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ግራሶ የተቀባ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ከጎን አንዲት የእንጨት ጀልባ ገልብጠው የሳንቃውን ስንጥቅ ይደፍናሉ። የመጣንበትን ነገርኋቸው።

«ተርቦውስ አለኝ» አሉ። «እስቲ መጀመሪያ መኪናህን አስነሳት። ላላየሁት በሽተኛ መድኃኒት አልሸጥም።»

ልጄ አስነሳ። ሐጂ ጭሱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ከጋቢናው ጀርባ ወዳለው የአየር መሳቢያ ሄዱና መዳፋቸውን አፉ ላይ ለጠፉበት። ልጄ ነዳጅ እንዲሰጥ በሌላው እጃቸው ምልክት ሰጡት። ሞተሩ ጮኸ። ሐጂ ፈገግ አሉ።

«ና ወንድም ዓለም፣ እጅህን አምጣ።»

መዳፌን አስጠጋሁ።

«ምን ተሰማህ?»

«ምንም አልተሰማኝም።»

«እሱን ነው የምልህ። ይህን የሚያህል ሞተር ሲተነፍስ እጅህን ሊውጠው ነበር የሚገባው። ይህ እኮ እንደ ጥጃ ነው የሚልሰኝ።» ወደ ልጄ ዞሩ። «አንተ ሾፌር፣ አጥፋውና ፊልትሮውን አውጣልኝ።»

ልጄ አወጣው። የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ ንጹሕ ነው፤ በየጊዜው ይቀይረዋል። ሐጂ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይህ ደህና ነው። ከሥሩስ ምን አለ?»

 ልጄ ወደ እኔ አየ።

«ከሥሩ ያለው የአባቴ ነው» አለ። «እኔ አልነካውም።»

ሐጂ በሣቅ ፈነዱ። ልጆቻቸውም ከጀልባው ሥር አንገታቸውን አወጡ። «የአባትህ ነው? ምን አስቀመጡበት፣ የርስት ወረቀት?»

እኔ አልሳቅሁም። ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ።

ልጅ እግር ሾፌር ሳለሁ ያሠለጠነኝ ሰው በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና በፊልትሮ ብቻ እንደማይታመን አስተምሮኝ ነበር። ከፊልትሮው ሥር፣ አየሩ ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቱቦ አፍ ላይ፣ አራት እጥፍ አቡጀዲ በሽቦ ይታሰራል። ፊልትሮው ያሳለፈውን ደቃቅ አቧራ ጨርቁ ይይዘዋል። በየሁለት ሳምንቱ ተፈቶ በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። እኔ ሳላጎድል እንደዚያ አደርግ ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ በዚያ ብልሃትም እንኮራ ነበር። መኪናዋን ለልጄ ሳስረክብ በደንብ እንዳያስረው ፈርቼ «ፊልትሮውን አንተ ቀይር፤ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ግን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብዬ አዘዝሁት። ከዚያ ወገቤ ባሰብኝ፣ ጋቢናውን መውጣት ተውሁ፣ ጨርቁንም ረሳሁት። ሦስት ዓመት።

ራሴ ወጥቼ በፒንሳ ሽቦውን ቆረጥሁ። ሲወጣ ጨርቅ አይመስልም ነበር። አቧራውና ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት እንፋሎት ተጋግረውበት እንደ ደረቀ ጠፍር ድርቅ ብሏል። ለሐጂ ሰጠኋቸው። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉትና ድምፁን አዳመጡ።

«በዚህ ጫማ ይሠራል» አሉ። ሣቃቸውን ግን አቁመው ነበር። «ሽቦው ቢላላ ኖሮ ሞተሩ ይህን ይውጠው ነበር። አላህ ነው ያተረፋችሁ። አሁን አስነሳ።»

ልጄ ፊልትሮውን መልሶ አስነሳ። መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ የጥቁር ጭስ ጉም ወጣ። ቀጥሎ ሳሳ። ቀጥሎ ጠፋ። ድምፁ ተለወጠ፤ ከዓመታት በፊት የማውቀው ድምፅ ሆነ። ሐጂ መዳፋቸውን ወደ መሳቢያው አስጠጉና ጎትቶ ሲይዛቸው በኃይል ነጥቀው አወጡት።

«እንግዲህ» አሉኝ፣ «ተርቦውን ልጠቅልልህ?»

ወስደው አሳዩን። መደብራቸው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ታሪኩንም ነገሩን። አንድ ዘመዳቸው ከሌሎቹ ጀልባዎች ቀድሞ ለመድረስ ፈልጎ አሮጌ የጀልባ ሞተር ላይ አስገጥሞት ነበር። ሐጂ እምቢ ቢሉም ለመናቸው፤ እሺ አሉት። «ለሃያ ቀን ያህል ማንም አልደረሰበትም» አሉ። «በሃያ አንደኛው ቀን ሐይቁ መሀል ላይ ፒስቶኑ ቀለጠ። ገበያተኞቹ በመቀመጫ ሳንቃ እየቀዘፉ፣ እየረገሙት መጡ። እሱን ብቻ አይደለም፤ እኔንም ስሜን እየጠሩ።» ከዚያ ልጄን አዩትና እንዲህ አሉ፦ «ተርቦ ጉልበት አይደለም። የሚጨምረው አየር ነው። አየሩ ሲበዛ ሙቀቱ ይበዛል፤ ለዚያ ያልተሠራ ሞተር አይችለውም። የእናንተ መኪና ደግሞ ተጨማሪ አየር አልጠየቀችም። የራሷን ነው የጠየቀችው።»

ለድካማቸው ልከፍላቸው ብል አልቀበልም አሉ። «ጨርቁን ተውልኝ። ለልጆቼ ማሳያ ይሆነኛል» አሉኝ። ተውሁላቸው። ባልተውላቸው ደስ ባለኝ።

 ስንመለስ መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ የተናገርሁትም የማይረባ ቃል ነው።

«ብትጠይቀኝ ምን ነበር?»

«እሑድ እሑድ መኪናዋን ሲዞሯት ጨርቁን የሚያጥቡት መስሎኝ ነበር» አለ። ጥቂት ከነዳ በኋላም፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ ጠይቄዎት ነበር» አለ።

«መቼ?»

«አምና፣ ጾም ሊገባ ሲል። ‹ያ ጨርቅ መታጠቢያው አልደረሰም?› ስልዎት፣ ‹አንተ ማርሽህን ተማር› አሉኝ።»

ትዝ አለኝ። በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ቀና ብዬም አላየሁት። የተናገርሁትን ረስቼው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ስለ መታዘዝ ብዙ ሰብኬአለሁ፤ አሁንም ልጅ ሊታዘዝ ይገባል እላለሁ። ነገር ግን ታዛዥ ልጅ ያለው አባት ያዘዘውን ነገር ማስታወስ ግዴታው ነው። ልጁ ትእዛዙን ጠብቆ እየተሰደበ፣ አባቱ ትእዛዙን ረስቶ እየተሳደበ ሲኖር ሞተር ብቻ አይደለም የሚታፈነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለማስተማር ብቻ አይደለም፤ እኔም ደግሜ ላነበው ነው።

ዓርብ ጠዋት «ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ» አልሁት። እናቱ ወገቤን አስባ ትራስ ሰጠችኝ። ወንዙ ዳር አሸዋው ተጭኖ እንዳለቀ ተነሣን። የዳገቱ ሥር ስንደርስ ልጄ ማርሽ ቀነሰ። እኔም ሳይታወቀኝ በሌለ ፔዳል ላይ እግሬን ጫንሁ። እኩሌታው ላይ፣ ሁልጊዜ ልትቆም በምትደርስበት ጠመዝማዛ፣ ልጄ ወደ እኔ ሳያይ ማርሹን ወደ ሦስተኛ ከፍ አደረገው። በሦስተኛ ወጣች። ጭስ የለም። አንድ ባዶውን ወደ ወንዙ የሚወርድ መኪና አጠገባችን ሲደርስ ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«አንተ! ሟቹ ተነሣ እንዴ?»

«ተነሥቶ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል!» አለ ልጄ፣ በአገጩ እኔን እያሳየ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቀልድ አልወድም ነበር። ያን ቀን እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

አናቱ ላይ «ጥግ ያዝ» አልሁት። አቆመ። ፊት ለፊት ሜዳው ተዘርግቷል፤ ከሩቅ ሐይቁ እንደ ቀጭን ብልጭታ ይታያል። እጄን የት እንደማደርገው አጣሁና ትራሱን ያዝሁ።

«ሞተሩን ያደከምሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ባላጠፋኸው ጥፋት ከሰስሁህ። በሰው ፊትም አዋረድሁህ። ይቅር በለኝ።»

ልጄ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል።

«ጥግ ያዝ ሲሉኝ ውረድና ግፋ ሊሉኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» አለ። ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

«ልጨርስ» አልሁት። «ጅቡቲ ብትሄድ መርቄ እሸኝሃለሁ። እውነቴን ነው። ብትቀር ግን ደስ ይለኛል። ስለ መኪናዋ አይደለም። አንተ ቤት ስትገባ ደስ ስለሚለኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ቃል ለልጄ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከአፌ ሲወጣ እንደፈራሁት አልከበደኝም። ልጄ በእጅጌው ዓይኑን ይሁን ላቡን ጠረገ፤ አላጣራሁም።

«ይችን ማክሰኞ ቢሉኝ ምን ነበር፣ አባዬ? ሦስት ቀን ሙሉ አንከራተቱኝ እኮ።»

ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው የመኪናዋ ጥገና ሙሉ በሙሉ በእሱ እጅ እንዲሆን ነው፤ ምክር እሰጣለሁ፣ ትእዛዝ አልሰጥም። ሁለተኛው ለተርቦ ያሰብነው ገንዘብ ለፍሬን እንዲውል ነው። «አሁን ጉልበቷ ተመልሷል፤ ስትወርድ የሚይዛት ያስፈልጋታል» አለኝ። ቀጥሎ ራዲያተሩ፣ ቀጥሎ ጎማው። ተራውን ከእኔ አሳምሮ አውጥቶታል። እንዲያውም ከእኔ በፊት አስቦበት እንደነበር ያስታውቃል፤ ጠይቄው ስለማላውቅ ነው ያልነገረኝ። ራዲያተሩ ላይ ጥቂት ተከራከርሁት፤ በአንድ ቀን መልአክ አይኮንም። ፍሬኑ ላይ ግን «ልክ ነህ» አልሁ።

እዚያው ቆመን ስልኩን አወጣና ለጅቡቲው ሰው ደወለ። «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ እዚሁ ከአባቴ ጋር ልሠራ ነው» አለው። ሰውየው ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ልጄ «አይ፣ የደመወዙ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ተሰናበተው። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣልኝ እስትንፋሴ በድምፅ ወጣ፤ ልጄም ሰማው።

«አባዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ንዳ።»

አስፋልቱ ላይ ወጥተን አቅጣጫችንን ወደ ባሕር ዳር አደረግን። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። ልጄ ሲነዳማ ዓይኔ ከመንገዱ፣ አፌ ከእሱ አይነሳም ነበር። ያን ቀን ትራሱን ከራሴና ከበሩ መሀል አስገባሁ። ለአፍታ ዓይኔን ልከድን ብዬ እንደሆነ ነው የማስታውሰው። የነቃሁት በአካፋ ድምፅ ነው፤ ዘንዘልማ ደርሰን ሠራተኞቹ አሸዋውን እያራገፉ ነበር። ልጄ አሸዋውን ካዘዘው ሰውዬ ጋር እያወራ በመስኮቱ በኩል አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔም እንደነቃሁ ሳላሳውቀው ዓይኔን መልሼ ጨፈንሁ።